የምዝገባው ቀን አይራዘም፦ ለጅማ የአማተር ስፖርት ውድድር አዘጋጆችና ተመዝጋቢዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ወረዳዎች የጎዳና ሩጫ፣ የሰፈር እግር ኳስና ሌሎች የአማተር ስፖርት ውድድሮችን ለምታዘጋጁ ሁሉ
ግልባጭ፦ ለሯጩ፣ ለተጫዋቹ፣ ለቡድን መሪውና ለወላጁ

የተከበራችሁ አዘጋጆች፤

በዚህች ከተማ በሚካሄዱ የሕዝብ ሩጫዎችና የክረምት የእግር ኳስ ውድድሮች ላይ ለዓመታት ከምዝገባ ጠረጴዛ ጀርባ በበጎ ፈቃድ የተቀመጥሁ ሰው ነኝ። ስም ጽፌአለሁ፣ ገንዘብ ተቀብዬ ደረሰኝ ቆርጫለሁ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ በስቴፕለር አያይዣለሁ፣ የመጨረሻው ቀን ካለፈ በኋላ «ለዛሬ ብቻ ተባበረኝ» የሚለኝን ጎረቤቴን ፊት ማየት አቅቶኝ አንገቴን ደፍቼአለሁ። ከዚህ በታች የማነሣው ጥፋት ሁሉ እኔም እጄ ያለበት ነው። የምጠይቃችሁ የውድድሮቻችን ምዝገባ በስልክና በኢንተርኔት እንዲሆን፣ የሚዘጋበት ቀን አስቀድሞ እንዲነገርና ከተነገረም በኋላ ለማንም ተብሎ እንዳይራዘም ነው። ይህ የሚሠራው ግን የመመዝገቢያው ፎርም በእኛ ሰዓት፣ በእኛ ዘመን አቆጣጠርና በእኛ የስም ልማድ ከተዘጋጀ፣ ኢንተርኔት የሌለውም ሰው በዚያው የቀን ገደብ ውስጥ የሚስተናገድበት ጠረጴዛ ካገኘ ብቻ ነው።

ነገሩን በዓይኔ ካየሁት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባገለገልሁበት አንድ የጎዳና ሩጫ (አዘጋጁን መጥቀስ አያስፈልግም፤ ያኔ ኃላፊ የነበሩት ዛሬ በቦታቸው የሉም) ምዝገባው ዓርብ ማታ እንደሚያበቃ በየአደባባዩ ተለጥፎ ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ መንገድ ሲይዝ፣ ሕዝቡ ቅር እንዳይለው በሚል ምዝገባው እስከ ረቡዕ እንዲቀጥል ተወሰነ፤ ረቡዕ ሲደርስ ደግሞ እስከ ውድድሩ ዋዜማ ተራዘመ። ቲሸርት አታሚው የመጨረሻውን ብዛትና ልክ ሊጠብቅ ስላልቻለ በግምት አተመ፤ በመጀመሪያው ቀን መጥታ ትንሹን ልክ ያስመዘገበች ተማሪ ጉልበቷን የሚመታ ቲሸርት ተሰጣት። የደረት ቁጥሩ በዋዜማው ስላለቀ የቀረውን በካርቶን ላይ በማርከር ጻፍን፤ ያለነው ጅማ ላይ መሆኑን ዘንግተን ኖሮ፣ ሩጫው ሳይጀመር የጣለው ዝናብ ግማሹን ቁጥር አጥቦ ወሰደው። ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን ከአጋሮ በኩል 45 ኪሎ ሜትር ያህል ተሳፍሮ መጥቶ በመጀመሪያው ሳምንት ከፍሎ የሄደው ወጣት ነው። ቁጥሩን ሊወስድ ሲመለስ ማታውኑ ለተመዘገበ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ አገኘው። ደረሰኙን ዘርግቶ ሲያሳየኝ የምመልስለት አልነበረኝም። በሰዓቱ የመጣውን ቀጥተን የዘገየውን ሸልመን ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሆነ መገመት አይከብድም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጠረጴዛው ባዶውን ዋለ፤ ሰው ሁሉ የሚራዘመውን ቀን ይጠብቅ ነበር። ይህን አይቶ «የሐበሻ ቀጠሮ» ብሎ የሚስቅ ሰው አይጠፋም፤ እኔ ግን ሰበቡ ባህላችን ነው ቢሉኝ አልቀበልም። ያው ተመዝጋቢ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ቀን ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቶ ሻንጣውን ተሸክሞ መናኸሪያ ይደርሳል፤ አውቶቡሱ እንደማይጠብቀው ያውቃልና። እኛን ግን እንደምንጠብቀው ያውቃል፤ ያስተማርነውም ራሳችን ነን።

ቀኑ ለምን መዘጋት እንዳለበት ለተመዝጋቢው ተነግሮት አያውቅም፤ ስለዚህ የኃላፊ ትዕቢት ይመስለዋል። ከውድድር በፊት ያለው ሥራ ሁሉ በአንድ ቁጥር ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ስንት ሰው እንደሚሮጥ ሳይታወቅ ምን ያህል ውኃ እንደሚጫን፣ በስንት ቦታ እንደሚታደል፣ ስንት የመጀመሪያ ሕክምና ባለሙያና ስንት አምቡላንስ እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው መንገድ ለስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር መነጋገር አይቻልም። ሰዓት የሚቆጥረው ቺፕም ቢሆን በራሱ ማንንም አያውቅም። ቺፑ ሯጩ በመስመሩ ላይ ሲያልፍ መለያውን ብቻ ያስተላልፋል፤ መለያው የማን እንደሆነ የሚናገረው ቀደም ብሎ የተሞላው የስም ዝርዝር ነው። በዋዜማው ሌሊት በችኮላ የተሞላ ዝርዝር ደግሞ የአንዱን ውጤት ለሌላው ይሰጣል። አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶኑን ሲያሸንፍ እግሩ ባዶ ነበር፤ ደረቱ ላይ ግን 11 ቁጥር ነበረ።

በአገራችን የዚህ ትምህርት ቤት ሩቅ አይደለም። ኅዳር 1994 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሲካሄድ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱ ሮጦ አሸነፈ፤ ዛሬ በዚያ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይሳተፋል። የቦታው ብዛት የተወሰነ መሆኑን ሰው ስለሚያውቅ ምዝገባው ሲከፈት ይሽቀዳደማል፤ ቲሸርቱን በእጁ ያስገባ ሰው ኅዳርን በእርጋታ ይጠብቃል። የዚያ ውድድር አቅም እኛ ዘንድ የለም፤ ቀን አውጥቶ በቀኑ መዝጋት ግን ከአቅም በላይ የሚሆን አይመስለኝም።

ምዝገባን ወደ ኢንተርኔት ማዞር ብቻውን ፍትሕ እንደማያመጣም መርሳት የለብንም። ከ1897 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው የቦስተን ማራቶን ለ2011 ውድድር ምዝገባውን በኦክቶበር 2010 ሲከፍት፣ ቦታው ሁሉ በ8 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ውስጥ አለቀ። ለዓመታት ተለማምዶ የብቃት ሰዓቱን ያሟላ ሯጭ፣ ያን ቀን ሥራ ላይ ስለዋለ ብቻ ከውድድሩ ቀረ። አዘጋጆቹ በሚቀጥለው ዙር ሥርዓቱን ለውጠው ፈጣኖቹ ቀድመው፣ ሌሎቹ በየተራቸው እንዲመዘገቡ አደረጉ። የለንደን ማራቶን ደግሞ ከሕዝቡ ብዙ ሰው የሚያስገባው በዕጣ ነው። ለእኛ ዕጣው የሚበዛብን ይመስለኛል፤ ነገር ግን «ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል» የሚለው ደንብ ጥሩ ስልክና ጥሩ ኔትወርክ ላለው ሰው እንደሚያደላ ከቦስተን መማር እንችላለን። ከጠቅላላው ቦታ የተወሰነው ድርሻ፣ ከአሥሩ ሦስቱ ለምሳሌ፣ በአካል ለሚመዘገብ ሰው እስከ መዝጊያው ቀን ይቀመጥ።

አሁን ወደ ፎርሙ ልግባ። እዚህ ላይ ረዘም ብዬ ብቆይ አትታዘቡኝ፤ በጠረጴዛዬ ላይ ያየሁት ጭቅጭቅ አብዛኛው ከዚህ የመነጨ ነው። ከኢንተርኔት የሚገኙት ዝግጁ ፎርሞች የተሠሩት ለሌላ ሰዓትና ለሌላ ካሌንደር ነው። «ምዝገባው በ12:00 ይዘጋል» ተብሎ ሲጻፍ እኔ ምሽት 12 ሰዓት ብዬ አነባለሁ፤ ኮምፒውተሩ ግን ለእኛ ቀን 6 ሰዓት የሆነውን እኩለ ቀን ቆጥሮ ይዘጋል፤ ከሥራ ወጥቶ በ11 ሰዓት ኢንተርኔት ቤት የገባው ልጅ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። «ቅዳሜ ሌሊት ያበቃል» የሚለውም አሻሚ ነው። አንዱ ለቅዳሜ አጥቢያ ይለዋል፣ ሌላው ለእሑድ አጥቢያ ይለዋል፣ በሁለቱ መካከል አንድ ሙሉ ቀን አለ። ስለዚህ መዝጊያው በቀን ብርሃን፣ የቢሮ ሰዓት ሳያልቅ፣ ለምሳሌ «ሐሙስ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ተብሎ በቃላት ይጻፍ። በዚያ ሰዓት የሚጠየቅ ሰው ስልክ ያነሣል፣ መብራት ቢጠፋ እንኳ ወደ ጠረጴዛው የሚሮጥበት ጊዜ ይኖራል።

የልደት ቀኑ ጉዳይ ከዚህም የባሰ ነው። በ2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ዓመቱን እንዳለ በጎርጎርዮሳዊው ፎርም ላይ ቢሞላው፣ ፎርሙ ሰባት ስምንት ዓመት አስረጅቶ ከአዋቂዎች ጋር ያሰልፈዋል። ስምንት ጨምር፣ ሰባት ጨምር እያሉ በግምት መቀየሩም አያዋጣም፤ ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት እየሆነ ይቀያየራልና። ሁለት ልጆች በአንድ ወር፣ በታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. ተወለዱ እንበል፤ ታኅሣሥ 15 የተወለደው በጎርጎርዮሳዊው ዲሴምበር 25 ቀን 2007 ይሆናል፤ ታኅሣሥ 25 የተወለደው ደግሞ ጃንዋሪ 4 ቀን 2008። በዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ደንብ ከ20 ዓመት በታች የሚባለው፣ ውድድሩ በሚደረግበት ዓመት ዲሴምበር 31 ላይ ባለው ዕድሜ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ልጅ በ2027 እ.ኤ.አ. ከምድቡ ሲወጣ ሁለተኛው ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል። የአሥር ቀን ልዩነት አንድ የውድድር ዘመን ያሳጣል። ፎርሙ ልደቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጠይቅና ቅየራውን ራሱ ኮምፒውተሩ ይሥራው፤ ይህን ማዘጋጀት ለአንድ የኮምፒውተር ተማሪ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ውስጥ ሆነን ሠሪ አጣን ማለት አንችልም።

የሰፈር እግር ኳስ የምታዘጋጁ ወንድሞቼና እኅቶቼ ይህን ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። በየክረምቱ ጨዋታ የሚቋረጠው በተገቢነት ክስ ነው፤ የዚህ ቡድን ተጫዋች ዕድሜው አልፏል፣ የዚያኛው ቴሴራ (የተጫዋች መታወቂያ) የሌላ ሰው ነው እየተባለ ዋንጫው ሜዳ ላይ መወሰኑ ቀርቶ ስብሰባ ላይ ይወሰናል። የተጫዋቾች ዝርዝር ከነፎቶግራፉ በአንድ ቀን ተዘግቶ ለሁሉም ቡድን መሪዎች እኩል ቢታይ፣ ክሱ የሚቀርበው የመጀመሪያው ፊሽካ ከመነፋቱ በፊት ይሆናል።

ስምን በተመለከተ፣ ዝግጁ ፎርሞች «የቤተሰብ ስም» ብለው ይጠይቃሉ፤ እኛ ደግሞ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ስለዚህ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይሞላና አንድ ሰው ሁለት ሆኖ ይገኛል። በጅማ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። በ«ጠ» የሚጀምር ስም በቁቤ (አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል) ሲጻፍ የሚጀምርበት ፊደልና በእንግሊዝኛ ልማድ ሲጻፍ የሚጀምርበት ፊደል የተለያዩ ስለሆኑ፣ በፊደል ተራ በተደረደረ ዝርዝር ውስጥ አንዲት ልጅ በሁለት ቦታ ትፈለጋለች፤ ከኋላዋ ያለው ሰልፍም ያጉረመርማል። ፎርሙ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ጎን ለጎን ይዘጋጅ፣ ሙሉ ስም ከነአያት በሦስት ሳጥን ይጠየቅ፣ ቁጥር ሲታደልም በስም ፋንታ በምዝገባ መለያ ይፈለግ። በአንድ ስልክ ቁጥር አንድ ሰው ብቻ የሚቀበል ፎርምም አይሠራልንም፤ በአንድ ቤት አንድ ስልክ፣ እሱም በአባት ወይም በታላቅ ወንድም ስም የሆነበት ቤት ብዙ ነው፤ እንዲህ ባለ ፎርም ቀድመው የሚቀሩት ሴቶች ልጆች መሆናቸውን በዓይኔ አይቻለሁ።

ክፍያው ዛሬ ቀላል ሆኗል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ *127# ብሎ ደውሎ ያለ ኢንተርኔት፣ በተራ ስልክም ቢሆን መክፈል ይቻላል፤ በሲቢኢ ብርም *847# ተብሎ እንዲሁ ይሆናል። የጎደለው ክፍያውን ከስሙ ጋር የሚያያይዘው ክር ነው። ሰው ይከፍልና ስክሪንሾቱን በቴሌግራም ይልካል፣ የተቀበለው በጎ ፈቃደኛ ስልኩን ሲቀይር ሁሉም ነገር ይጠፋል። ተመዝጋቢው የግብይት ቁጥሩን ፎርሙ ላይ እንዲሞላ፣ በሁለት ቀን ውስጥም መመዝገቡን የሚያረጋግጥ አጭር የጽሑፍ መልእክት እንዲደርሰው አድርጉ። ሳይረጋገጥለት የቀረ ሰው ለመጠየቅ ጊዜ እንዲኖረው መዝጊያው ከውድድሩ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቢቀድም መልካም ነው።

አንድ ነገር በቅንፍ ልጨምር። የልጆች የልደት ምስክር ወረቀትና የወላጆች መታወቂያ ፎቶ ብዙ ሰው ባለበት የቴሌግራም ግሩፕ ሲዘዋወር አይቼአለሁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ ከነውርነቱ አልፎ የሕግ ጉዳይም ሆኗል። የማያስፈልግ ነገር አትጠይቁ፤ የተጠየቀውንም ከሁለት ሰው በላይ አይየው፤ ውጤት ከጸደቀ በኋላም ይጥፋ።

አሁን ፊቴን ወደ እናንተ ወደ ተመዝጋቢዎቹ አዞራለሁ። ምዝገባው በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ብትመዘገቡ የሚቀርባችሁ ነገር የለም፤ በመጨረሻው ሰዓት የሚመዘገብ ሰው ግን ከኔትወርኩ ጋርም፣ ከመብራቱ ጋርም፣ ከእኔ ከደከምሁት ሰውዬ ጋርም ይታገላል። ፎርም ስትሞሉ የድንገተኛ ተጠሪ ስልክ የሚለውን ሳጥን በራሳችሁ ቁጥር አትሙሉት፤ ራሳችሁን ስታችሁ ብትወድቁ የሚጠራው ስልክ በኪሳችሁ ውስጥ ነው። መሮጥ ባትችሉ ቁጥራችሁን ለጓደኛችሁ አትስጡ። ጓደኛችሁ መንገድ ላይ ቢታመም ሐኪሙ የሚያነበው የእናንተን ስምና የእናንተን ሕመም ይሆናል፤ ቢያሸንፍም ውጤቱ ይሰረዛል። ስም ለማዛወር የምትፈልጉ ከሆነ መዝጊያው ሳይደርስ ለአዘጋጁ ንገሩ፤ አዘጋጁም ይህን የሚፈቅድ ግልጽ ቀን አብሮ ያውጣ። የቡድን መሪዎች ደግሞ የ20 ተጫዋች ወረቀት በአንድ ፌስታል ይዛችሁ በመጨረሻው ቀን በ9 ሰዓት ከመምጣት ብትቆጠቡ ውለታችሁን አልረሳም።

በእርግጥ የማይደርስላቸው ሰዎች አሉ፤ እነሱን ሰነፍ ማለት ግፍ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የቡና ለቀማ ወቅት በማና፣ በጎማና በሊሙ በኩል ያለ ወጣት ከጎሕ እስከ ማታ ማሳ ውስጥ ነው፤ ስልኩ ቻርጅ የሚደረገው ወደ ከተማ ሲወጣ ነው። ለዚህ ሰው መድኃኒቱ ቀን ማራዘም ሳይሆን ምዝገባውን ቀደም አድርጎ መክፈትና ጠረጴዛውን ወደ እሱ መውሰድ ነው፤ በገበያ ቀን አንድ በጎ ፈቃደኛ ከአንድ ስማርት ስልክ ጋር አጋሮ ወይም ሰቃ ቢቀመጥ የብዙ ሰው የትራንስፖርት ወጪና የሥራ ቀን ይተርፋል። ይህም ጠረጴዛ ጅማ ካለው ጋር በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት ይዘጋል። ቦታ የተረፈ እንደሆነም ትርፉን ለዘመድ ከማደል ይልቅ ቀድሞ በተመዘገበ የተጠባባቂ ዝርዝር ተራ ማስገባት ይቻላል።

ቀኑን ጠብቃችሁ በዘጋችሁበት ምሽት ስልካችሁ እንደሚጮህ አውቃለሁ። የምታከብሩት ሽማግሌ ይደውላል፣ አለቃችሁ ስለ እኅቱ ልጅ ይጠይቃል፣ በሠፈር ልቡ ደነደነ ትባላላችሁ። የመጀመሪያው ዓመት እንዲህ ያልፋል። እምቢታውን ለብቻችሁ እንዳትሸከሙት ሁለት ነገር ልጠቁም። አንደኛው፣ ፎርሙ በሰዓቱ በራሱ እንዲዘጋ አድርጋችሁ የመክፈቻውን የይለፍ ቃል ከኮሚቴው ውጭ በሆነ ሰው እጅ አስቀምጡት። ሁለተኛው፣ መዝጊያው ባለፈ በማግስቱ የተመዘገበውን ሰው ብዛትና የምዝገባ መለያዎቹን ዝርዝር በአደባባይ ለጥፉት፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ሾልኮ ቢገባ ሁሉም ያየዋል።

እኔ በበኩሌ የሚቀጥለው ውድድር ቀን ሲቆረጥ፣ ምዝገባው ክፍት በሆነበት ጊዜ ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ለመቀመጥ ዝግጁ ነኝ። ፎርም መሙላት ለሚያስቸግረው ሰው በራሴ ስልክ እሞላለታለሁ፤ አጋሮ መሄድ ቢያስፈልግም የመሳፈሪያውን ራሴ እችላለሁ። ከእናንተ የምፈልገው አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ምዝገባው የሚዘጋበትን ቀንና ሰዓት የሚገልጽ፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት ወረቀት ብቻ ነው፤ ወረቀቱን ከጀርባዬ ግድግዳው ላይ እለጥፈዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
ከጅማ፣ የምዝገባ ጠረጴዛ በጎ ፈቃደኛ